«ቴሌግራም ቻናል ካለ ፕሬስ ኪት ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ባንድ ማስተዋወቅ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሙዚቀኞች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ጭብጡ ሲጨመቅ ይህን ይላል፦ ፕሬስ ኪት (ባንድን ለመራጭና ለጋዜጠኛ የሚያስተዋውቅ የዘፈን፣ የቪዲዮ፣ የፎቶና የጽሑፍ ጥቅል) ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው፤ የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጽ ያለው ባንድ ሌላ አያስፈልገውም። የግድ ከተባለም ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አጭቆ መላክ ነው። የባንዱ ታሪክ ከምሥረታው ጀምሮ በዝርዝር ይጻፍ፤ ከመድረክ ቅጂ ይልቅ የተቀናበረ ክሊፕ ይላክ፤ ፎቶ በስልክ የተነሣው ይበቃል፤ ሙሉ አልበሙ ይያያዝ፤ የመድረክ ቴክኒክ ጉዳይ ከውል በኋላ ይታያል፤ የሁሉም አባላት ስልክ ይቀመጥ፤ ክፍያ ግን አይጻፍ፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ቁጥርም ዋጋ አለው፤ ከዚያ ለተገኘው አድራሻ ሁሉ በአንዴ ይበተን። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ያስታውቃል፤ አንድ ሁለት ነጥባቸውም እውነት ነው። የቀረው ግን ባንድን ሥራ የሚያሳጣ ምክር ስለሆነ በየተራ ልመልስ።

መጀመሪያ ግን ጸሐፊው አንድ ጥያቄ ዘለዋል። ፕሬስ ኪቱን የሚከፍተው ማን ነው? አድናቂ አይደለም፤ አድናቂ ዘፈኑን ከለመደበት ይሰማል። ኪቱን የሚከፍቱት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ ለፌስቲቫል ወይም ለክለብ ባንድ የሚመርጠው፣ ስለ ባንዱ አንድ አንቀጽ መጻፍ ወይም ሁለት ደቂቃ ማውራት ያለበት ጋዜጠኛ፣ እና መድረኩን የሚያሰናዳው የድምፅ ባለሙያ። የመጀመሪያው ሙዚቃና ቪዲዮ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ፎቶና በትክክል የተጻፈ ስም፤ ሦስተኛው የማይክና የመስመር ዝርዝር። ሦስቱም ሥራ በዝቶባቸዋል። ስለዚህ ፕሬስ ኪት የሚለካው በውበቱ ሳይሆን እነዚህ ሰዎች ሳይደውሉላችሁ ሥራቸውን መጨረስ በመቻላቸው ነው።

«የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጽ ይበቃል።»

ለአድናቂ አዎ። ባንድ የሚመርጠው ሰው ግን ቻናሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው የበዓል እንኳን አደረሳችሁ ነው፤ ቀጥሎ የሐዘን መግለጫ፤ ቀጥሎ ያለፈው ቅዳሜ ፖስተር። ሙሉ ዘፈን የተጫወታችሁበት ቪዲዮ ከስምንት ወር በፊት ተለጥፎ ተቀብሯል፤ ቆፍሮ የሚያወጣው የለም። ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሥራው ሁሉ በቴሌግራም ስለሚያልቅ ዓለሙ ሁሉ እንዲያ ይመስለናል። አውሮፓና አሜሪካ ያለ መራጭ የሚሠራው በኢሜይልና በማመልከቻ ቅጽ ነው። እንደ ዎሜክስ ባለ የሙዚቃ ገበያ ለሾውኬዝ (በመራጮች ፊት ለሚቀርብ አጭር የማሳያ ዝግጅት) የሚያመለክት ባንድ የሚሞላው የኦንላይን ቅጽ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባው ሊንክ ወዴት እንደሚወስድ ነው ጉዳዩ።

የሚያስፈልገው አንድ የኢንተርኔት ገጽ ብቻ ነው። ጎግል ሳይትስ በነፃ ይሰጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድም አይጠይቅም። የራስ ዶሜይን (የገጹ የራሱ አድራሻ) ካማራችሁ የተለመደው ዓመታዊ ክፍያ ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ ከከፈለላችሁ ምዝገባው በባንዱ ኢሜይል ይሁን፤ አለበለዚያ የማደሻ ማሳሰቢያው ለእሱ ይሄድና አንድ ቀን ገጹ ድንገት ይጠፋል።

የገጹ ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ አንድ ጠንካራ ፎቶ፣ ባንዱ ምን እንደሚጫወት የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ዘፈን፣ አንድ የመድረክ ቪዲዮ፣ አጭር ታሪክ፣ የሚወርዱ ፎቶዎች፣ ያለፉና የሚመጡ ዝግጅቶች፣ የቴክኒክ ወረቀቶች፣ አድራሻ። አብዛኛው ሰው የሚከፍተው በስልክ ስለሆነ ገጹ ላይ የሚታዩት ፎቶዎች እያንዳንዳቸው ከ200 ኪሎባይት አይብለጡ፤ ትልቁ ፎቶ በማውረጃ ሊንክ ለብቻው ይቀመጥ። ስለ ባንዱ የተጻፈ ነገር ካለ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና ሊንኩ አብረው ይግቡ። ከሌለ ክፍሉን ጭራሽ አታስገቡት፤ «ሚዲያ ስለ እኛ» የሚል ባዶ ርዕስ ከምንም የከፋ ነው።

ጸሐፊው ልክ የሆኑት የማኅበራዊ ሚዲያ ቁጥር ዋጋ አለው ሲሉ ነው። ግን ድምሩ አይደለም የሚፈለገው። ስፖቲፋይ ፎር አርቲስትስ አድማጮቻችሁ በየትኛው ከተማ እንዳሉ ያሳያል፤ ዩቲዩብ ስቱዲዮም በየአገሩ ይከፋፍላል። ዋሽንግተን ዲሲ ላለ ፕሮሞተር «2 ሚሊዮን እይታ» ከሚባል ይልቅ የዲሲ አካባቢ አድማጭ ቁጥር፣ ቀን ከተጻፈበት ስክሪንሾት ጋር፣ ብዙ ይናገራል። እሱ ትኬት የሚሸጠው እዚያ ነዋ።

«ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ።»

ፒዲኤፍ ዘፈን አያሰማም። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያይዞ አይልክም፤ አምስት ትልልቅ ፎቶ ያለበት ፒዲኤፍ ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ለማሳነስ ብላችሁ ስትጨምቁት ፎቶው ለኅትመት አይሆንም። በዚያ ላይ የተላከ ፒዲኤፍ አይታረምም፤ ቤዚስቱ ከለቀቀ ከዓመት በኋላም ስሙ በሰው ኢሜይል ውስጥ እንዳለ ይኖራል። ገጽ ከሆነ ግን ዛሬ ታርሞ ነገ ሁሉም የሚያየው የታረመውን ነው።

አማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ታሪክ በዓይን ሲታይ አማርኛ ነው፤ ጋዜጠኛው ኮፒ አድርጎ ሲለጥፈው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርክርክ ይሆናል። መልሶ መተየብ አለበት፤ አይተይበውም። ዩኒኮድ በሆነ ፎንት ጻፉ፤ ፒዲኤፉ ሲወጣም ፎንቱ አብሮ መቀመጡን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ግዕዝ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል።

ፒዲኤፍ ቦታው ሁለት ነው፦ የቴክኒክ ራይደር (ባንዱ መድረክ ላይ የሚያስፈልገውን የሚዘረዝር ወረቀት) እና ታትሞ የሚያዝ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ። ሁለቱም ላይ የታደሱበት ቀን ይጻፍ።

ፋይሎቹን ጎግል ድራይቭ ላይ ለሚያስቀምጡ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ከስህተቶች ሁሉ የተለመደውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ፎልደሩ ሲፈጠር ዝግ ነው። ሊንኩን የተቀበለው ሰው ሲጫን ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚል ገጽ ይመጣበታል፤ ጥያቄው እናንተ በማትከፍቱት ኢሜይል ውስጥ ይቀራል፤ እሱም ወደሚቀጥለው ባንድ ያልፋል። ቅንብሩን ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያይ ወደሚለው ቀይሩት። ከዚያ በብራውዘራችሁ ኢንኮግኒቶ መስኮት፣ ማለትም አካውንታችሁ ባልገባበት፣ ክፈቱና ሞክሩት። በራሳችሁ ስልክ ስለተከፈተ ለሌላውም ይከፈታል ማለት አይደለም። ዊትራንስፈርን የመሰሉ የፋይል መላኪያዎችም ሊንካቸው በቀናት ውስጥ ጊዜው ያልፋል፤ መራጭ ደግሞ ኢሜይል የሚከፍተው ሲመቸው ነው።

«የባንዱ ታሪክ ከምሥረታው ጀምሮ በዝርዝር ይጻፍ፤ አጭር ታሪክ ያስንቃል።»

ይህ ከአልበም ምረቃ መጽሔት የመጣ ልማድ ነው። የሚያስፈልገው ሦስት ርዝመት ነው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ 100 ቃል፣ 300 ቃል። አንዱ ለፖስተርና ለመድረክ መሪ፣ ሁለተኛው ለፌስቲቫል ካታሎግ፣ ሦስተኛው ለጋዜጠኛ። እናንተ ካላሳጠራችሁት እነሱ ያሳጥሩታል፤ የሚቆርጡትም ባሻቸው ቦታ ነው።

ይህን ተመልከቱ፦ «ባንዱ ለሙዚቃ ልዩ ፍቅር ባላቸው ወጣቶች የተመሠረተ ሲሆን በበርካታ ታላላቅ መድረኮች ላይ ሥራዎቹን በማቅረብ ከፍተኛ ተወዳጅነትን ማትረፍ ችሏል።» የማንኛውንም ባንድ ስም ብታስገቡበት ይሠራል፤ ስለዚህ ስለማንም አይናገርም። አሁን ይህን፦ «ስድስት አባላት ያሉት የባሕር ዳር ባንድ፤ ማሲንቆና ክራርን ከቤዝ፣ ከድራምና ከሁለት ሳክስፎን ጋር አድርጎ በባቲና በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠሩ የራሱን ዘፈኖች ይጫወታል።» ቁጥር፣ ከተማ፣ መሣሪያ፣ ቅኝት፣ የራስ ሥራ መሆኑ። አንድም «ተወዳጅ» የለበትም። መራጩ ግን መድረኩ ላይ ማን እንደሚቆም ታየው።

የሙዚቃው ስያሜም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ የውጭ መራጭ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚያውቀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ ባሳተመው የኢትዮፒክስ የአልበም ተከታታይ በኩል ነው፤ ጆሮው ላይ ያለው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የነበረው የብራስ ድምፅ ነው። «ኢትዮ ጃዝ» ስትሉት ሙላቱ አስታጥቄን ይጠብቃል። የምትጫወቱት በአሬንጀር ኪቦርድ (ምቱንና አጀቡን ራሱ በሚጫወት ኪቦርድ) የሚነዳ የጭፈራ ሙዚቃ ከሆነ እንደዚያው በሉ፤ ለዚያም ገበያ አለው። ያልሆኑትን ብሎ መመረጥ መድረክ ላይ ያጋልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሡት ነገር አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። «በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ» የሚለው በአማርኛው ልክ ነው። ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ቁጥሩ እንዳለ ከተዛወረ ግን አልበሙ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አረጀ፤ በ2019 ወይም በ2020 የወጣው የ2012 ሆኖ ይነበባል። መራጩም «ከዚያ ወዲህ ምን ሠሩ?» ይላል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» 20:00 ነው፤ በእንግሊዝኛው «2» ተብሎ ከተጻፈ የድምፅ ፍተሻውም የመግቢያ ሰዓቱም ተዛባ ማለት ነው። በውጭ ቋንቋ በተጻፈው ገጽ ላይ ሰዓቱን ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት።

የስም አጻጻፍም ዋጋ ያስከፍላል። በላቲን ፊደል «ጸ»፣ «ጨ»፣ «ቀ»ን ሁሉም እንደመሰለው ይጽፋል። የሙላቱ አስታጥቄ የአባት ስም እንኳ በፈረንሳይ እትሞች አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። እሱን ሰው ፈልጎ ያገኘዋል፤ አዲስ ባንድን ግን አይፈልገውም። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ ዩቲዩብ፣ ስፖቲፋይ፣ ፖስተር፣ ኢሜይል ላይ ፊደል በፊደል ያው ይሁን። ሁለት አጻጻፍ ካለ ዘፈኖቻችሁ በሁለት የአርቲስት ገጽ ተከፍለው አድማጫችሁም ለሁለት ይቆጠራል። የአባላቱ ስም ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው ይጻፍ። አንዲት መስመርም ጨምሩ፦ በኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይደለም። ያለዚያ የውጭ ጋዜጠኛ ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለ አባትየው መጻፍ ይጀምራል።

«የተቀናበረ ክሊፕ ይላክ፤ የመድረክ ቅጂ ድምፁ አያምርም።»

ክሊፕ ላይ ሰው በፕሌይባክ ከንፈሩን ነው የሚያንቀሳቅሰው። መራጩ ማወቅ የሚፈልገው ግን መድረክ ላይ መጫወት ትችሉ እንደሆነ ነው። አንድ ዘፈን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተቆረጠ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፤ ይህ ከየትኛውም ክሊፕ ይበልጣል። ክሊፑን ከሱ በታች ማስቀመጥ ይቻላል።

ድምፁ አያምርም የሚለው ሰበብ የሚፈታ ነው። አንዱን ስልክ በትሪፖድ ሚክሰሩ አጠገብ አግድም አቁሙ፤ ሙሉ መድረኩን ይያዝ። ሁለተኛው ከጎን ሆኖ እጆችንና ፊቶችን ይከተል። ድምፁን ስልኩ ከያዘው አትውሰዱ፤ የስልክ ማይክ በከፍተኛ ድምፅ ራሱን እያነሰና እያበዛ ይተነፍሳል። ከሚክሰሩ ሁለት ትራክ በሪከርደር ቅዱ። የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው፦ በትንሽ ክለብ ውስጥ ድራሙና የጊታር አምፑ በራሳቸው ስለሚጮሁ ሚክሰሩ ላይ ጥቂት ብቻ ነው የሚከፈቱት፤ ስለዚህ የሚክሰሩ ቅጂ ብቻውን ሲሰማ ዘፋኙ ገዝፎ ባንዱ ከሩቅ የሚጫወት ይመስላል። መፍትሔው አዳራሹ ውስጥ ሌላ ስቴሪዮ ሪከርደር አስቀምጦ ሁለቱን መቀላቀል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ሁሉንም ቅጂ የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው።

ቪዲዮው በሙዚቃ ይጀምር። የመድረክ መሪው ማስተዋወቅ፣ የሚሽከረከር ሎጎ፣ የስፖንሰር ስም ሁሉ ይውጣ። የሠርግ ቪዲዮም አይሁን፤ የሙሽሮቹ ምስል የእናንተ አይደለም፣ የቪዲዮ ቀራጩ ስቱዲዮ ስልክ ቁጥርም ከሥር እየሄደ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዴ የተጫነን ቪዲዮ በያው ሊንክ መተካት ስለማይቻል ከመልቀቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እዩት።

«ፎቶ በስልክ የተነሣው ይበቃል።»

ስልኩ አይደለም ችግሩ፤ አላላኩ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ በተለምዶ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ይህ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። 3000 በ2000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ግን 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት በጥራት ይታተማል። ስለዚህ ከፎቶ አንሺው ስትቀበሉ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት፤ ፋይል አይጨመቅም።

ከአራት እስከ ስድስት ፎቶ ይበቃል፦ ሁለት አግድም፣ ሁለት ቁም፣ ቢያንስ አንዱ መድረክ ላይ፣ ቢያንስ አንዱ ሁሉም አባላት ፊታቸው የሚታይበት። አንዱ በጎኑ ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ፖስተር ሠሪው ጽሑፍ የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ፎቶው ላይ ስልክ ቁጥር፣ ሎጎና የበዓል መልእክት አይለጠፍ። ከእያንዳንዱ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደሆነና ምን እንደሚጫወት፣ የፎቶ አንሺውም ስም ይጻፍ፤ ፎቶው በጋዜጣ እንዲወጣ መፍቀዱንም አስቀድማችሁ ጠይቁት። የፋይሉ ስም የባንዱ ስምና ዓመቱ ይሁን፣ በላቲን ፊደል፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየሙ ፋይሎች በዚፕ ሲታሰሩ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ስማቸው ተበላሽቶ ይወጣል።

ሙሉ አልበሙን ስለማያያዝ አጭር መልስ፦ ሦስት ዘፈን። ጠንካራው ይቅደም፤ ረጅም መግቢያ ያለውን አታስቀድሙ። ለመስማት ያለ አካውንት የሚከፈት ሊንክ፣ ለሬዲዮ ደግሞ የሚወርድ ፋይል፦ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ለአራት ደቂቃ ዘፈን 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ዋቭ ከሆነ 40። ፋይሉ ውስጥ የዘፈኑ፣ የባንዱና የአልበሙ ስም ይሞላ፤ «ትራክ 01» የሚል ፋይል ስቱዲዮ ውስጥ ይጠፋል። 12 ሆሄ ያለው የአይኤስአርሲ ቁጥር (የአንድ ቅጂ መለያ) ካለው ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጋር ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክስና ማስተር የማን እንደሆነ ይግባ። የሕዝብ ዜማ ከሆነ «የሕዝብ ዜማ» በሉ፤ የሌላ ሰው ከሆነ ስሙን ጥሩ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ የደራሲው ነው፤ ዝግጅቱን የሚቀርጽ ፌስቲቫልም ይህን መጠየቁ አይቀርም።

«የመድረክ ቴክኒክ ከውል በኋላ የሚታይ ነው።»

በጽሑፉ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው፤ በተለይ የባህል መሣሪያ ያለውን ባንድ። ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ ያለው ባንድ ምንም ባይልክ የድምፅ ባለሙያው መገመት ይችላል። ማሲንቆን ግን ምናልባት በዓይኑም አላየውም። መራጩ ራሱ ከመወሰኑ በፊት ባንዱ መድረኩ ላይ ይገባ እንደሆነና በስንት ደቂቃ እንደሚሰናዳ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ከመጀመሪያውም ገጹ ላይ ይቀመጥ።

አንዱ ስቴጅ ፕሎት ነው፤ የመድረኩ ሥዕል፣ አንድ ገጽ። ተመልካቹ በሥዕሉ ግርጌ ይሁን። ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ተመልካቹን ፊት ለፊት ከሚያየው ሙዚቀኛ አንጻር ነው፤ ግራና ቀኙ በተመልካች ዓይን የተጻፈበት ፕሎት መድረኩን ገልብጦ ያሠራል። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ሞኒተር (ሙዚቀኛው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ስንትና የት፣ ኤሌክትሪክ የት እንደሚያስፈልግ ይታይበት።

ሁለተኛው የመስመር ዝርዝር ነው፤ ወደ ሚክሰሩ የሚገቡት ማይኮችና መሣሪያዎች በቁጥር። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስ፣ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ላለው፣ አንድ ዘፋኝና ሁለት ተቀባይ ለሚያቆም ባንድ እንዲህ ይሆናል፦ 1 ኪክ፣ 2 ስኔር፣ 3 ሃይሃት፣ 4 ታም፣ 5 ፍሎር ታም፣ 6 እና 7 ኦቨርሄድ፣ 8 ቤዝ በዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ያለ ማይክ ከሚክሰሩ የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን)፣ 9 ጊታር አምፕ፣ 10 እና 11 ኪቦርድ በሁለት ዲአይ፣ 12 ሳክስ፣ 13 ክራር በዲአይ፣ 14 ማሲንቆ፣ 15 እና 16 የከበሮ ትልቁና ትንሹ ጎን፣ 17 ዘፋኝ፣ 18 እና 19 ተቀባዮች። የትኛው መስመር 48 ቮልት ፋንተም (ከሚክሰሩ በገመዱ ወደ ማይኩ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) እንደሚፈልግ ከጎኑ ይጻፍ። አዳራሹ 16 መስመር ብቻ ቢኖረውስ? መልሱን ራሳችሁ አስቀምጡ፦ ኦቨርሄዱ አንድ፣ ኪቦርዱ ሞኖ፣ ከበሮው አንድ ማይክ፤ 16 ሆነ። ይህች መስመር ካልተጻፈች የድምፅ ባለሙያው የሚቀንሰው የማያውቀውን መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆውን።

መሣሪያዎቹን በአጭሩ አስረዷቸው። ክራሩ ፒክአፕ ካለው ምን ዓይነት እንደሆነ ይጻፍ፤ ባትሪ የሌለው ፒዬዞ (ንዝረትን የሚቀበል ፒክአፕ) ከሆነ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ የሚቀበል አክቲቭ ዲአይ ይፈልጋል፤ በተራ ዲአይ ከተሰካ ቤዙ ጠፍቶ ቆርቆሮ ይመስላል። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር፣ ድምፁ ትንሽ፣ ሳጥኑም በቆዳ የተለበጠ ነው። ከሞኒተር የሚወጣው ድምፅ ያንኑ ቆዳ መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ፊድባክ ያፏጫል። ሳጥኑ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ኮንደንሰር ማይክ ይሻለዋል፤ ሞኒተሩ ፊት ለፊቱ አይሁን፣ ከድራሙም ይራቅ። የራሳችሁ ክሊፕ ማይክ ካላችሁ «ይዘን እንመጣለን» በሉ።

ኪቦርድ የሚለው ቃል ብቻውን ራይደር ላይ ሲገባ ብዙ ያሳስታል። አዘጋጁ ጥሩ ስቴጅ ፒያኖ ያቀርባል፤ ኪቦርዲስቱ የሚጫወተው ግን የአገር ምት የተጫነበት አሬንጀር ኪቦርድ ላይ ነው። ለአንድ ሞዴል የተሠራ ስታይል (የምትና የአጀብ ፋይል) ሌላ ኩባንያ በሠራው ላይ አይከፈትም፤ በዚያው ኩባንያ ሞዴሎች መካከል እንኳ ሁልጊዜ አይስማማም። የሞዴሉን ስምና ቁጥር በትክክል ጻፉ፤ ወይም የራሳችሁን ያዙ። ከያዛችሁ ደግሞ አሜሪካ 120 ቮልት መሆኑን አስቡ፤ እኛ ጋ 220 ነው። የመሣሪያው አዳፕተር ላይ ከ100 እስከ 240 ተብሎ ካልተጻፈ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

የቅኝት ለውጥም ጊዜ ይበላል። ክራሩ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲቃኝ መድረኩ ዝም ይላል። የሾውኬዝ መድረክ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ስለሆነ ዘፈኖቹን በቅኝታቸው ሰብስባችሁ ደርድሩ፤ ወይም ሁለት ክራር ቃኝታችሁ አቁሙ፤ ሁለት ከሆነ ደግሞ መስመሩ ላይ አንድ ጨምሩ። ራይደሩ ግርጌ ላይ ለመሰናዳት ስንት ደቂቃ፣ ለድምፅ ፍተሻ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃችሁ ይጻፍ።

«የሁሉም አባላት ስልክ ይቀመጥ።»

ስድስት ስልክ ማለት ስድስት ዋጋ ማለት ነው። አንዱ ቀኑን ይቀበላል፣ ሌላው በዚያው ቀን ሠርግ ይይዛል። አንድ ሰው፣ አንድ ኢሜይል፣ አንድ የዋትሳፕ ቁጥር ከነአገር ኮዱ። ኢሜይሉ የባንዱ ይሁን፤ ማናጀሩ ሲቀየር አብሮ አይሂድ። ክፍያን ገጹ ላይ አለመጻፍ ይሻላል ባሉት ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ የአዲስ አበባ ክለብና የአትላንታ አዳራሽ አንድ ዋጋ የላቸውም።

ለቪዛ ይሆናል ተብሎ የፓስፖርት ኮፒ ፎልደሩ ውስጥ የሚቀመጥበትም አለ። ይህ በፍጹም አይደረግም፤ ክፍት ሊንክ ነው። ለቪዛ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ለአሜሪካ ፒ-3 የሚባለው፣ በባህላቸው ልዩ ለሆኑ ዝግጅቶች የሚሰጠው ቪዛ፣ ጋባዡ አስቀድሞ በአይ-129 ቅጽ አመልክቶ የሚያስፈቅደው ሲሆን ስለ ባንዱ የወጡ ጽሑፎችና የዝግጅት ማስረጃዎች ይፈለጉበታል። ስለዚህ ከሚታየው ገጽ ጀርባ ሌላ ዝግ ፎልደር ይኑራችሁ፦ እያንዳንዱ ፖስተር፣ ፕሮግራም፣ የጋዜጣ ገጽ፣ ውል፣ ሁሉም ከነቀኑና ከነቦታው።

«ለተገኘው አድራሻ ሁሉ በአንዴ ይበተን።»

አርባ አድራሻ በአንድ መስመር ተደርድሮ ሲደርሰው ማንም ለራሱ የተጻፈ አይመስለውም፤ ብዙ ጊዜም ወደ ስፓም ይገባል። ለየብቻ ላኩ። ርዕሱ ላይ የባንዱ ስም፣ የሙዚቃው ዓይነት፣ ከተማውና የምትፈልጉት ወር። ውስጡ አምስት መስመር፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን ለዚያ መድረክ እንደምትስማሙ፣ መቼ ክፍት እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰው እንደምትጓዙ፣ የገጹ ሊንክ። ምንም አይያያዝ።

ወቅቱንም አስሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል የሚካሄደው በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዝግጅቶች ደግሞ በሴፕቴምበር 11 ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ፕሮሞተሮች አዳራሽ የሚይዙት ግን ከወራት በፊት ነው፤ ለባንዱ ቪዛ የሚወስደውም ጊዜ አለ። በሜይ የተላከ ኢሜይል ለዚያው ጁላይ አይደርስም። መልስ ካልመጣ ከ10 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ በሁለት መስመር አስታውሱ፤ አዲስ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ አዲስ ቪዲዮ ወይም በዚያ አገር የተያዘ ሌላ ቀን፣ እሱን አስቀድሙ። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ካሏችሁ እስከሚቀጥለው ዓመት ተዉአቸው።